ሽልማት በላው

አቃቂ ውስጥ በስሜ የሚያውቀኝ ሰው ጥቂት ነው። ታክሲ ተራው ጋ ወርዳችሁ ስሜን ብትጠሩ "እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም" ትባላላችሁ። "ሽልማት በላው ቤቱ የት ነው?" ብትሉ ግን ተራ አስከባሪው በያዘው ዱላ ይጠቁማችኋል፤ "አሮጌውን ሐዲድ ተሻግራችሁ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር።" ይህን ስም ያሸከመኝ አንድ ሰው ነው። አሁን የምጽፈው እሱ ያደረገብኝንና እኔ ያደረግሁትን ነው። ይቅር ብዬው፣ ልቤ ቀሎኝ የምጽፍ የመሰለው ካለ ከዚሁ ይመለስ። አላልኩትም።

ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፣ ስለዚህ አላሳምረውም። የሆነውን እንደሆነ አስቀምጠዋለሁ።

ክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ሠራተኛ ሲቀንሱ እኔንም ቀነሱኝ፤ ሚስቴ እዚያው ቀረች፣ እኔ ቤት ዋልኩ። ቤት መዋል ደግሞ አልችልበትም። ያን ጊዜ ባቡሩ ገና ይሠራ ነበርና፣ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልስ አንድ የማውቀው ሰው የጌም ማሽን አመጣልኝ። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ ጥቁር፣ ከላይ ካሴት የሚጎርስ፣ ሁለት ጆይስቲክ ያለው፣ ከአንድ ካርቶን ካሴት ጋር። የፊተኛዋን ክፍል አጸዳሁ፣ አግዳሚ ወንበር አስገባሁ፣ ጌም ቤት ከፈትኩ። ግድግዳው ላይ በከሰል "የተሸነፈ ይነሳል" ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ሕግ አልነበረኝም። የሀብታም ልጅም ሆነ የድሃ ልጅ፣ የተሸነፈ ጆይስቲኩን አስረክቦ ይነሳል፤ ተረኛው ይቀመጣል። አንድ ጊዜ የቀበሌው ሹም ልጅ አልነሳም ብሎ በሸሚዙ አንገት ይዤ አስነሥቼዋለሁ።

አቃቂን የሚያውቅ አቧራዋንም ያውቃል። ከፋብሪካው፣ ከሲሚንቶ መኪናው፣ ከመንገዱ ይነሳና ቤት ገብቶ ይተኛል። ስለዚህ እኛ ቤት ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥን ዳንቴል ይለብሳል፣ ራዲዮ ይለብሳል፣ ስልክ ይለብሳል። ዳንቴል የሌለው ዕቃ ባለቤት የሌለው ይመስላል። ሚስቴ ከፋብሪካ ለሠራተኛ በሚሰጠው ትርፍራፊ ክር በኪሮሽ ሁለት ሠራች፤ አንዱን ለማሽኑ፣ አንዱን ለቴሌቪዥኑ። ክሩ ቀለሙ ተበላሽቶ ለገበያ ያልወጣ ነበር፤ እንደ ጎመን ውሃ ያለ አረንጓዴ። መሃሉ ላይ አውራ ዶሮ አለ። የመጀመሪያውን ስትሠራ ከኔ ጋር እያወራች ተሳሳተችና ዶሮው ሦስት እግር ወጣለት። "ፍቺውና እንደገና ሥሪው" ብላት እንቢ አለች።

"ጌም ቤት የሚኖር ዶሮ አይደል? በሁለቱ ይቆማል፣ በአንዱ ጆይስቲክ ይይዛል" አለችኝ።

ሁለተኛውንም ሆን ብላ ሦስት እግር አድርጋ ሠራችው፤ እንዳይቀናኑ ነው አለች። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች።

ጎረቤቴ ቴሌቪዥንና ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። ቤታችንን አንድ ግድግዳ ነው የሚለየው፤ እሱ ወዲያ ሲያስነጥስ እኔ ወዲህ ሆኜ "ይማርህ" እላለሁ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲበርድለት እኔ ጋ መጥቶ ይቀመጣል። አይጫወትም። ማሽኑን ያያል። ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያነሳ ያገላብጣል፣ በእጅጌው ይወለውላል፣ በቀለም በቀለማቸው ይደረድራቸዋል።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ውርጋጥ ሁሉ እያስነካህ ታበላሸዋለህ። ይሄ እኮ የሚቀመጥ ዕቃ ነው" ይለኛል።

"ለመቀመጥማ ድንጋይም ይቀመጣል" እለዋለሁ። እንሳሳቃለን። ያን ጊዜ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ቁራሌው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዕቃ ወዶ ሰው የሚሸጥ መኖሩን አላወቅሁም።

ኋላ በሲዲ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ማሽኖች መጡ። በሰቃ በሚባለው ሰፈር በኩል አዲስ ጌም ቤት ተከፈተና ልጆቹ ወደዚያ ያዘነብሉ ጀመር። እኔም አዲሱን ላስመጣ ተነሳሁ፤ አሮጌውን ምን ላድርገው ብዬ አስቤ ውድድር አወጣሁ። የኳስ ጌም፣ ክረምቱን ሙሉ፣ የተሸነፈ እየተነሳ፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ማሽኑን ይወስዳል።

"ራሱን ማሽኑን?" አሉኝ ልጆቹ።

"ራሱን።"

"ከነካሴቱ? ከነጆይስቲኩ?"

"ከነዳንቴሉ!" አልኳቸው።

ያን ክረምት አልረሳውም። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፤ ልጆቹ እግራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይመጡ ነበር። ከሳሪስ ሳይቀር መጡ። የመጨረሻው ጨዋታ ጳጉሜ ላይ ደረሰ። አንደኛው ተጫዋች ታክሲ ላይ ረዳት የነበረ ቀጭን ጎረምሳ ነው። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ማንም ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ሰው ላይ ሰው ሆነው፣ እየተጠባበቁ፣ እየተፎካከሩ ዋሉ። መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ሁሉን ረስቶ ከዜሮ ጀመረ። ያን ጊዜ የረዳቱ ተጋጣሚ ራሱ "ሁለት ለአንድ እየመራኝ ነበር፣ እናቴን!" ብሎ ማለና ከዚያው ቀጠሉ። እንደዚያ ያሉ ልጆች ነበሩ። ረዳቱ አሸነፈ። ማሽኑን አቅፎ ሳመው።

"ዛሬ አትወስደውም" አልኩት። "የእንቁጣጣሽ ጠዋት ሰው ባለበት በደንቡ ትረከባለህ።"

ልጆቹ ሲበተኑ ጎረቤቴ ወደ ኋላ ቀረ። "እንዲህ ሆዱን አቧራ ሞልቶት ትሸልመዋለህ? ስጠኝና ከፍቼ ላጽዳልህ" አለኝ። መልካም አሰበልኝ ብዬ ከነዳንቴሉ፣ ከነካሴቱ በጆንያ ከትቼ በጓሮ በኩል አሻግሬ ሰጠሁት። ያየን ሚስቴ ብቻ ናት።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልቀበለው ስሄድ "ሌባ ገባብኝ" አለኝ። በሩ ደህና ነው። መስኮቱ ደህና ነው። ሊጠግናቸው የተቀበላቸው የሰው ቴሌቪዥኖች እንደተደረደሩ ናቸው። "ምን ዓይነት ሌባ ነው ቴሌቪዥን ትቶ ጌም የሚወስድ?" ብዬ ብጠይቀው "እኔ ምን አውቄ" አለ። ዓይኑን ግን ከሚበይደው ሽቦ ላይ አላነሳም።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ ደጄ ላይ ተሰበሰበ። ረዳቱ ሸሚዙን ተኩሶ መጥቷል። እናቱ ማሽኑን የምትጠቀልልበት የታጠበ ነጠላ ይዛለች። እኔ ባዶ እጄን ወጣሁና "ጎረቤቴ ሊያጸዳው ወስዶት እሱ ቤት ተሰረቀ" አልኩ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ኮቱን ደርቦ እዚያው ቆሟል። ለኔ ያለኝን ለሰውም ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

"የምን ማሽን?" አለ። "ለኔ ማን ሰጠኝ?"

ሚስቴ "በዓይኔ አይቻለሁ! በጆንያ ሲሰጥህ አይቻለሁ!" አለችው። "ሚስት ለባሏ ካልመሰከረች ለማን ልትመሰክር ነው?" ብሎ ሳቀባት። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሮ "አይ እናንተ፣ አልገባችሁም እንዴ? ሽልማቱን በልቶት ነው እኮ!" አለ። ተሳሳቁ። ከመሃላቸው አንዱ "ሽልማት በላው!" ብሎ ጮኸ። ይኸው ስሜ ሆኖ ቀረ። የረዳቱ እናት ነጠላዋን አጣጥፋ፣ መሬት ላይ እንትፍ ብላ ሄደች።

ጌም ቤቱን ዘጋሁ፤ ማን ሊመጣልኝ? ጎረቤቴ ብዙም ሳይቆይ ቤቱን ለቆ ሳሪስ ገባ። እኔ ዘበኛም ሆንኩ፣ ዕቃም አወረድኩ፣ ሠርቼ ኖርኩ። ስሙ ግን ከኔ አልፎ ሚስቴ ላይ ወጣ። ወፍጮ ቤት "የሽልማት በላው ሚስት፣ ተራሽ ደርሷል" ይሏታል። ዱቄቷን ተሸክማ ትመጣለች፣ ምንም አትልም። እሷ የሞተች ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከሸራው ውጭ አንድ ሰው መንገድ ሲጠይቅ ሰማሁ። "ለቅሶው ሽልማት በላው ቤት ነው?" "አዎ፣ እዚህ ነው፣ ግባ" አሉት። ሰውዬው ገብቶ እጄን ጨብጦ "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቴን በልቤ ስጠብቀው ኖርኩ። ትረሳዋለህ አሉኝ። አልረሳሁትም። ሳሪስን በታክሲ ባለፍኩ ቁጥር በመስኮት እፈልገው ነበር።

ዘንድሮ ልጄ ከሥራ መጥታ ስልኳን ስታይ ቆየችና "አባዬ፣ ና እስቲ" አለችኝ። ድምጿ ደስ አላለኝም።

"ምንድነው?"

"ሳሪስ አንድ አዳራሽ ውስጥ የድሮ ጌም ቀን የሚባል ሊደረግ ነው። አሮጌ ማሽን የሚሰበስቡ ሰዎች የሚገናኙበት። ሰውዬውን ተወው፤ ዳንቴሉን እየው።"

ስልኩን ዓይኔ ድረስ አቀረብኩት። ጎረቤቴ ነው። ሸብቷል፣ ወፍሯል፣ ቆብ ደፍቷል። ከሥሩ "የድሮ ጌሞች አባት" ብለው ጽፈውለታል። አጠገቡ ማሽኔ። ማሽኔ ላይ የጎመን ውሃ አረንጓዴ ዳንቴል። "ይህ ታሪካዊ ማሽን በዕለቱ በዕጣ ይሸለማል" ይላል። እኔ ሳነብ ቀስ ብዬ ነው፤ "ይሸለማል" የምትለዋ ላይ ስደርስ ከመጀመሪያው ደግሜ አነበብኩት።

ያን ያህል ዘመን የደበቀ ሰው ዳንቴሉን ማንሳት እንዴት ረሳ ትሉ ይሆናል። አልረሳም። እሱም ያደገው አቃቂ ነው፤ ዕቃ ራቁቱን ሰው ፊት አይቀርብም። መስረቁን ያላፈረበት ሰው ማሽኑን ዳንቴል ሳያለብስ ማውጣት አፈረ።

"ፖሊስ ጋ እንሂድ" አለች ልጄ።

"ፖሊስ ምን ያደርግልኛል? ማሽኑን ቢያመጡልኝ የት አደርገዋለሁ? እኔ የምፈልገው ስሙን ከላዬ አንስቶ ራሱ እንዲሸከመው ነው። ሰው ፊት ሰጥቶኛል፣ ሰው ፊት ይቀበለኛል።"

"ሰውዬው እኮ አርጅቷል አባዬ።"

"እኔስ ጨቅላ ነኝ?"

ቴሌቪዥናችን ከተቀየረ ቆይቷል፣ ቀጭኑ ዓይነት ነው፤ የሚስቴ ዳንቴል ግን አሁንም ላዩ ላይ ነው። ግማሹ እየተንጠለጠለ ስዕሉን ስለሚከልል ልጄ ስታማርር ትኖራለች። አነሳሁት፣ አጣጠፍኩት፣ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ታክሲ ተራ ወረድኩ። ያ ረዳት ዛሬ ሹፌር ነው፣ የራሱ ታክሲ አለው፤ ከአቃቂ ሳሪስ ይሠራል። ባየኝ ቁጥር የሚላት አንዲት ቃል አለችው። ያን ቀንም አላስቀራትም።

"ፋዘር! ሽልማቴ አልደረሰም እንዴ?"

"ደርሷል" አልኩት።

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እሱ አልሳቀም። "ምን አሉ?"

"እሑድ ሳሪስ ታደርሰኛለህ። እዚያ ትረከባለህ።"

"ፋዘር፣ እኔ እኮ አሁን የልጆች አባት ነኝ። ደግመው ሊበሉኝ ነው?"

"ነጠላ ያዝ" አልኩት። "እናትህ ይዛው እንደመጣችው ያለ።"

ፊቱ ጠቆረ። "እናቴን አያንሷት። እስክትሞት እርስዎን ስትረግም ነው የኖረችው።"

"አውቃለሁ። ሰው ተሳስታ ነበር። ና እና የሚረገመውን አሳይሃለሁ።"

ከዚያ የጋቢናውን በር በውስጥ በኩል ከፈተልኝ። "እሑድ እዚችው ይቀመጣሉ" አለ።

እሑድ የአዳራሹ በር ላይ የቆመችው ልጅ "አባባ፣ ልጅ ጠፍቶብዎት ነው?" አለችኝ።

"ሰው ጠፍቶብኝ ነበር። አሁን እዚህ አለ አሉኝ" አልኳት። ሳቀችና እጄ ላይ የሆስፒታል በሽተኛ እንደሚታሰርለት ያለ ነገር አሰረችልኝ። የመግቢያ ትኬቱን ቆርጣ ግማሹን የቶምቦላው ዕጣ ባልዲ ውስጥ ልትጨምር ስትል እጇን ያዝኩ።

"የኔን አትጨምሪው።"

"ለምን? ዕድልዎን አይሞክሩም?"

"የራሴን ዕቃ በዕጣ አልወስድም።"

ቀልድ መሰላት። ሹፌሩ ከኋላዬ ሆኖ ሳል አለ፤ ሳቁን ሲውጥ ነው።

ውስጡ እንደ ገበያ ነው። በየጠረጴዛው ላይ አሮጌ ማሽን፣ አሮጌ ካሴት፣ ሽቦ። እኔ ጌም ቤቴን ስዘጋ ያልተወለዱ ልጆች "ይሄን ልስጥህ፣ ያንን ስጠኝ" እያሉ ካሴት ይለዋወጣሉ። አንዲት መነጽር ያደረገች ተማሪ ቦርሳዋን ሞልታ አንዱን ካሴት ብርሃን ላይ እያየች "ይሄ ተቀድቷል፣ ዋናው አይደለም" ብላ ስትመልስ አየሁ። ልጆቹ አላስጠሉኝም። የሚጫወቱትም ሲሸነፉ ይነሱ ነበር።

የጎረቤቴ ጠረጴዛ ግን ከሁሉም ረዥም ነው። ከመሃሉ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የወርቅ ቀለም ያለው ማሽን ተቀምጧል፤ ልጆች ከበውት ፎቶ ያነሳሉ፣ እሱ ደግሞ "አይነካም! በዓይን ብቻ!" እያለ እጃቸውን ይመታል። ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

"እንኳን ደህና መጡ አባቴ። በዓይን ብቻ" አለኝ።

አላወቀኝም። አባቴ አለኝ፤ በዕድሜ ይበልጠኛል እኮ።

"ዳንቴሉ ያምራል" አልኩት።

"ባለቤቴ ናት የሠራችልኝ።"

ሹፌሩ ነጠላውን ጨምድዶ ይዞ ወደ ፊት ሊራመድ ሲል በክርኔ መለስኩት። "ቆይ" አልኩት። "በማይክሮፎን ይድገመው።"

ደገመው። ቶምቦላው ሲደርስ አስተዋዋቂው "የክብር እንግዳችን" ብሎ መድረክ ላይ አወጣው፤ ባልዲውን አናወጠ፣ ዕጣ አወጣ። የወጣላት ያቺ ባለመነጽሯ ተማሪ ናት። እየዘለለች ወጣች። ጎረቤቴ ማሽኑን ከነዳንቴሉ እቅፏ ላይ አስቀመጠላትና ማይክሮፎኑን ተቀበለ። አቃቂ ውስጥ የመጀመሪያውን ጌም ቤት እንደከፈተ አወራ። ማሽኑን በባቡር ከጅቡቲ እንዳስመጣው አወራ። "የተሸነፈ ይነሳል" ብሎ ግድግዳው ላይ በከሰል እንደጻፈ አወራ። ከሰሉን ሳይቀር ወስዶብኛል! "ይህን ዳንቴል ደግሞ ባለቤቴ በእጇ ሠርታልኝ…" ሲል ተነሳሁ።

"ጥያቄ አለኝ።"

አስተዋዋቂው ሽማግሌ በማየቱ ደስ ብሎት ሌላ ማይክሮፎን አቀበለኝ።

"ጋሼ፣ ዶሮው ስንት እግር አለው?"

አዳራሹ ሳቀ። እሱም ሳቀ። "ዶሮ ስንት እግር አለው? ሁለት ነዋ!"

"ቁጠረው።"

ተማሪዋ ጎንበስ ብላ ቆጠረች። "ሦስት ነው" አለች።

እሱም አየ። ያን ሁሉ ዘመን ቤቱ አስቀምጦ፣ ካሴት ሲያገላብጥና ሲወለውል ኖሮ፣ ዶሮውን አንድም ቀን ልብ ብሎ አላየውም።

"ሁለቱ መቆሚያ ነው፣ ሦስተኛው ጆይስቲክ መያዣ" አልኩና ወደ መድረኩ ወጣሁ። ጉልበቴ ያመኛል፣ ማንም እንዲደግፈኝ ግን አልፈቀድኩም። ከፌስታሉ የኔን አውጥቼ ጎን ለጎን ዘረጋሁት። ያው ክር። ያው ዶሮ። ያው ሦስት እግር። "ይህን የሠራችው የኔ ሚስት ናት። አሁን አወቅኸኝ?"

አወቀኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ሲወርድ አየሁ።

"ከ… ከቁራሌው ላይ ነው የገዛሁት" አለ፤ ማይክሮፎኑ አፉ ላይ መሆኑን ረስቶ።

"አሁን ባለቤቴ አላልክም? ቁራሌውን መቼ አገባኸው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሹፌሩ ሳቁ ሳይበርድ ወደ መድረኩ ወጣ። አልሳቀም።

"ጋሼ" አለው፤ ቀስ ብሎ ነው። "ያን ውድድር ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። 'ለኔ ማን ሰጠኝ' ሲሉ እናቴ አጠገብዎ ቆማ ነበር። ይህን ነጠላ ይዛ።" ነጠላውን አሳየው። የእናቱን ራሱን እንዳመጣ እኔም ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። "እንግዲህ ሽልማት በላው እርስዎ ነዎት ማለት ነው?"

ጎረቤቴ ወደ በሩ አየ። በሩ ሩቅ ነው፣ መሃሉ ሁሉ ሰው ነው፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ደግኗል።

"ተናገር" አልኩት። "በማይክሮፎኑ።"

"እኔ ነኝ" አለ። "ሊሰባብሩት ነው ብዬ ነው። አላስቻለኝም። እኔ ባላስቀምጠው ዛሬ አይኖርም ነበር…"

"ማሽኑ አለ" አልኩት። "ሚስቴ የለችም።"

ማይክሮፎኑን ከአፉ አወረደ።

ያን ጊዜ ተማሪዋ ማሽኑን ወደ እኔ ዘረጋች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ይውሰዱት አባባ፣ የእርስዎ ነው" አለች። እጄን ዘርግቼ ነበር። መልሼ ሰበሰብኩት። ዕጣ ወጥቶላት፣ ሰው አጨብጭቦላት፣ ባዶ እጇን ልትወርድ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ማሽኑ ላሸነፈው ይሰጣል" አልኩ። "አንቺም ትሸለሚያለሽ። የሚሸልምሽ ግን ከራሱ ነው። ከዚያ ጠረጴዛ ምረጪ።"

"አይሆንም!" አለ ጎረቤቴ። ከተያዘ ጀምሮ ድምፁ ከፍ ብሎ የወጣው ያኔ ነው። ከታች ልጆቹ "ትምረጥ! ትምረጥ!" እያሉ ወለሉን በእግራቸው ይደበድቡ ጀመር። አስተዋዋቂውም "የክብር እንግዳችን ቃልዎን እንዳያጥፉ" አለው።

"ማንኛውንም?" አለችኝ ተማሪዋ።

"ማንኛውንም። በዓይን ብቻ አይደለም።"

ልጅቱ ዕቃ ታውቃለች። ሌላውን ዞር ብላም አላየችው፤ ቀጥ ብላ ሄዳ መስታወቱ ላይ እጇን አሳረፈች።

"እሱን አይደለም የኔ ልጅ፣ እባክሽ እሱን… ሌላ ውሰጂ፣ ሁለት ውሰጂ…" አለ። አጠገቡ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። ደስ አለኝ። አላለኝም ብዬ አልዋሽም። የመስታወቱን ቁልፍ ከኪሱ ሲያወጣ ጣቱ አልታዘዝ አለው፤ ሹፌሩ ላግዝዎት ሲል "ተወው፣ ራሱ ይክፈት" አልኩ። ከፈተ። በሁለት እጁ አንስቶ ሰጣት። የኔን ማሽንም ለሹፌሩ በእጁ አስረከበው፤ ዳንቴሉን ግን እኔ ገፍፌ አስቀረሁ። ሹፌሩ ማሽኑን በእናቱ ነጠላ ጠቀለለው። ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳ። በፎቶው ላይ ጎረቤቴ ወደ ባዶው የመስታወት ሣጥን ነው የሚያየው።

ስንወርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ይቅርታ" አለኝ።

"አልሰማሁም" አልኩት።

"ይቅርታ!" አለ ጮክ ብሎ። ሰው ዞረ።

"አሁን ሰማሁ" አልኩና ሄድኩ። መስማቴን ነው የነገርኩት፤ ሌላ ምንም አላልኩም።

ዳንቴሉን ቤት ወስጄ አጠብኩት። የሰው ቤት ሽታ አልለቅ አለኝ፤ ደግሜ አጠብኩት። ልጄ ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለቱንም እንዳልዘረጋ ተማጸነችኝ። ዘረጋሁ።

ሰንበትበት ብሎ ጎረቤቴ ሽማግሌ ላከ። ከሳሪስ ድረስ መጡ፤ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ ተነሥቼ ተቀበልኳቸው። "አርጅቷል፣ ታሟል፣ ከቤት መውጣት ትቷል፣ ልጆች በመስኮቱ ሥር ስም እየጠሩበት ነው" አሉኝ።

"ምን ብለው ነው የሚጠሩት?" አልኩ፤ እያወቅሁ።

ተያዩ። ከሁሉም ታላቁ "ሽልማት በላው" አለ።

"እኔ ለምጄዋለሁ፤ እሱም ይለምደዋል" አልኩ። "መታረቅ ከፈለገ አቃቂ ይምጣ። ታክሲ ተራው ላይ ይቁም። ሚስቴ በጆንያ ስሰጠው በዓይኗ ማየቷን፣ እውነት መናገሯን፣ ለቆመው ሰው በራሱ አፍ ይናገር። የዚያን ዕለት እታረቃለሁ።"

"ጉልበቱ አይችልም።"

"ጉልበት እኔም አለኝ፤ ሳሪስ ድረስ ወስዶኛል።"

ቡናም ሻይም አልጠጣም ብለው ሄዱ። እስካሁን አልመጣም። ካልመጣም ቀረ።

ትናንት ጠዋት ታክሲ ተራ ስወርድ ተራ አስከባሪው እንደ ልማዱ "ሽልማት በላው፣ እንዴት አደሩ! ይግቡ፣ አንድ ሰው ቀርቷል" አለኝ። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸበት።

"አንተ! ሽልማት በላው ሳሪስ ነው የሚኖረው። እሳቸውን በስማቸው ጥራ!"

ተራ አስከባሪው ዱላውን እንደያዘ ቆመ። "ስማቸው ማነው?" አለ።

ሹፌሩ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ወደ ተሳፋሪው ዞረ። ከነሱም የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉም እኔን አዩኝ።

ነገርኳቸው።

"ይኸው ነው እንዴ?" አለ ተራ አስከባሪው። "አይከብድም እኮ።"